የቦርዱ መሬት

ካለፈው ግንቦት አንድ ቀን ጀምሮ መሥሪያ ቤታችን ሁሉም የክፍል ኃላፊዎች ያልተረዱትን ሰነድ ወደ ውጭ መላክ አቁሟል። ከዚያ በፊት አንድ ሰነድ የሚላከው ጸሐፊውና ተቀባዩ ብቻ ተረድተውት ነበር። እንዲህ ያለው አሠራር ሥራ ከማፋጠን በቀር ምንም ፋይዳ እንዳልነበረው ዛሬ ላይ ሆነን ወደ ኋላ ስንመለከት ግልጽ ሆኖልናል።

መመሪያውን ያመነጩት ዋና ዳይሬክተራችን አቶ ተክለማርያም ናቸው። ኮልፌ ቀራንዮ በሚገኘው ጽሕፈት ቤታችን ሠራተኛውን በሙሉ ሰብስበው፣ «እስከ ዛሬ ያልገባኝን ነገር ብቻዬን ስፈርም ኖሬአለሁ፤ ከእንግዲህ ወዲህ ግን ያልገባንን ነገር በጋራ እንፈርማለን» ባሉ ጊዜ ከፍ ያለ ጭብጨባ ተቀበሉ። የአዳራሹ መስኮቶች ወደ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ስለሚመለከቱ ዓመቱን ሙሉ አይከፈቱም፤ ስለዚህ የተጨበጨበው ሁሉ አንዳች ሳይባክን እዚያው ከእኛ ጋር ቀረ።

መመሪያው የመጀመሪያ ፍሬውን ያፈራው በባልደረባችን በኢንጂነር ሌሊሴ ሥራ ላይ ነው።

ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ የክትባት ኃላፊ የሆነችው ሲስተር ዋጋነሽ፣ በሚያዝያ ወር አንድ ሰኞ ጠዋት የክትባቱን ፍሪጅ ስትከፍት ሞቆ አገኘችው። መብራት የጠፋው ቅዳሜ ነበር። ክትባቱ ተበላሽቷል፤ ደጅ ላይ ደግሞ ሕፃናት ያቀፉ እናቶች ተሰልፈዋል። ሁሉንም ባዶ እጃቸውን መለሰቻቸው። ሌሊሴ ይህን በሰማች ጊዜ ፍሪጁ ሲሞቅ የሚጮኽና የነርሷን ስልክ የሚጠራ አነስተኛ መሣሪያ ሠራች። ሽቦዎቹን በእጇ በይዳ፣ የተረፈውን በፕላስተር አስራ ለሲስተር ዋጋነሽ ሰጠቻት። መሣሪያው በፕላስተር እንደታሰረም ቢሆን ሠራ። ይህ ወሬ ሲሰማ ሌሎች ጤና ጣቢያዎችም ጠየቁ፤ ሃያ እንዲሠራላቸውም ተፈቀደ።

ሃያ መሣሪያ በእጅ እየበየዱና በፕላስተር እያሰሩ አይዘለቅም። ሽቦውን የሚተካ የታተመ ሰርኪት ቦርድ ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ የሚያትሙትና ዕቃውን ገጣጥመው የሚልኩት ውጭ አገር ያሉ ፋብሪካዎች ናቸው። ፋብሪካዎቹ ዋጋ ለመናገር የሚጠይቁት ጥቂት ፋይሎችን ብቻ ነው፦ በየንብርብሩ የመዳቡን መስመር የሚያሳዩ ሥዕሎች፣ ቀዳዳ የሚበሳበትን ቦታ የሚናገር ፋይል፣ የዕቃዎቹ ዝርዝር፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ዕቃ በቦርዱ ላይ የት እንደሚቀመጥና ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር የሚገልጽ ሰንጠረዥ። ፋይሎቹ በድረ ገጻቸው በኩል ከደረሷቸው፣ ማንንም ስብሰባ ሳይጠሩ ዋጋቸውን ይልካሉ። ባዕዳን እንዲህ ናቸው።

ሌሊሴ ፋይሎቹን አዘጋጅታ የጨረሰችው ግንቦት ሁለት ቀን ነው።

በመመሪያው መሠረት ለሁሉም የሚገባ ማብራሪያ እንድታያይዝ ተነገራት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ ሠላሳ እንደሚዘጋ፣ ያን ጊዜ ዋጋው ካልታወቀና ትእዛዙ ካልተሰጠ የተፈቀደው በጀት ተመላሽ እንደሚሆንም አብሮ ተነገራት። ተመላሽ የሆነ በጀት ተመልሶ ሲመጣ ያየ ሰው በመሥሪያ ቤታችን የለም። ሌሊሴ ማብራሪያውን በአንድ ሌሊት ጻፈችው።

የዕቃዎቹን ዝርዝር የመረመሩት የግዥ ክፍል ኃላፊው አቶ መሸሻ ናቸው። አቶ መሸሻ ያልተመዘነ ነገር ገዝተው የማያውቁ ጥንቁቅ ሰው ናቸው።

«ኢንጂነር፣ ሬዚስተር አሥር ኪሎ ይላል» አሉ።

«አዎ፣ አሥር ኪሎ ኦም።»

«ኦም የአምራቹ ስም ነው?»

«ኤሌክትሪክ የመግታት አቅም መለኪያ ነው።»

«ኪሎ እያለ ሌላ መለኪያ ምን አስፈለገ? ለአንድ ቦርድ ስንት ይገባል?»

«ስድስት።»

አቶ መሸሻ በእርሳስ ጻፉ። «ስድሳ ኪሎ። ፍሪጁ ይሸከመዋል?»

ሌሊሴ ዝርዝሩን ወስዳ «ኦም» የሚለውን ቃል በክብ ከበበችውና መለሰችላቸው።

አቶ መሸሻ ግን ነገር በወንበር ላይ ሆነው የሚጨርሱ ሰው አይደሉም። በማግስቱ ጦር ኃይሎች ሰፈር ወርደው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጥ ቦሩ ከሚባል ነጋዴ ሱቅ ገቡ።

«ሬዚስተር ኪሎው ስንት ነው?»

«ኪሎው?» አለ ቦሩ። «ጋሼ፣ በኪሎ የሚሸጠው ሚስማር ነው። እሱም ጎረቤት ነው።»

«አሥር ኪሎ ነው የምንፈልገው።»

ቦሩ ከመሳቢያ አንዲት ትንሽ ላስቲክ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። «ይኸው አሥር ኪሎ። መቶ ፍሬ ነው። እንዳያስነጥሱ ብቻ፣ ይበተንብኛል።»

«ይህን ነው አሥር ኪሎ የምትለኝ?»

«እያንዳንዱ አሥር ኪሎ ነው።»

አቶ መሸሻ ላስቲኩን በሁለት ጣት አንስተው መዘኑት። «አታላይ» አሉና ወጡ።

ለዋና ዳይሬክተሩ ባቀረቡት ሪፖርት፣ ዕቃው በአገር ውስጥ ገበያ በሚፈለገው ክብደት እንደማይገኝ በአካል ተገኝተው ማረጋገጣቸውን፣ ስለዚህ ከውጭ ቢገዛ ተቃውሞ እንደሌላቸው ገለጹ። ሌሊሴ አመስግናቸው ወጣች። አቶ መሸሻ እስከ ዛሬ ድረስ በትሕትናዋ ይጠቅሷታል።

የመቀመጫው ሰንጠረዥም ከፕሮቶኮል አንጻር ታይቶ ዋናው ቺፕ መሀል መቀመጡ ተገቢ ሆኖ ተገኘ። ባትሪው ከዳር በመደረጉ መጠነኛ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር፤ ባትሪ ተተኪ መሆኑ ሲነገር ግን ቅሬታው ወዲያው ወደቀ።

ከዚህ በኋላ የቀረው የይዞታ ክፍሉ ብቻ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ያለው በኪራይ ቤት ነው። አንድ ክንድ መሬት የለውም። በዚህም ምክንያት የይዞታ ክፍሉ ከተቋቋመበት ጊዜ አንሥቶ ዋና ተግባሩ በንቃት መጠባበቅ ሆኖ ቆይቷል። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሰይፈሥላሴ በዚህ ተግባር ላይ ሳሉ ፀጉራቸው ሸብቷል። ሌሊሴ በመጀመሪያው ማብራሪያዋ ላይ ባለሙያዎች እንደሚሉት «ግራውንድ» ብላ ጽፋ ነበር፤ ነገር ግን «ሕንፃው ከግራውንድ በላይ ስንት ፎቅ አለው?» የሚል ጥያቄ ስለቀረበባት፣ ሁሉም ሰው በሚያውቀው ቃል ተካችው። መሬት አለችው።

አቶ ሰይፈሥላሴ በስብሰባው ላይ ተነሥተው ቆሙ። እጃቸው ላይ ያለው ወረቀት በቀይ ስክሪብቶ ተሰምሯል።

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ብለው ጀመሩ። «አነባለሁ፦ የቦርዱ የታችኛው ገጽ በሙሉ መሬት ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሌሊሴ።

«ቦርዱ መሬት አለው?»

«ከሌለው አይሠራም።»

የሥራ አመራር ቦርዳችን በየሩብ ዓመቱ የሚሰበሰብና ምሳ በልቶ የሚበተን የተከበረ አካል ነው። ስለ እርሱ ብዙ ነገር ይጠረጠር ነበር፤ በጽሑፍ ያቀረበው ግን እስከዚያ ቀን አልተገኘም።

«መሬት ካላገኘ አይሠራም አለች» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ ወደ ጉባኤው ዞረው። «እኔ አላልኩም። እሷ ናት ያለችው።»

«አቶ ሰይፈሥላሴ፣ ይህ ቦርድ ያ ቦርድ አይደለም።»

«ስንት ቦርድ ነው ያለን?»

«ሃያ ነው የምናዘው።»

«ሃያ ቦርድ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እያንዳንዱ ከነመሬቱ።»

«መሬቱም ቢሆን መሬት ማለት አይደለም። ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለስበት የመዳብ ገጽ ነው።»

«የሚመለስበት ከሆነ መንገድም ወጥቶለታል ማለት ነው።»

ዋና ዳይሬክተሩ ነገሩ እንዳይካረር ጣልቃ ገቡ። «ካርታ አለው?»

ሌሊሴ የደከማት ትመስል ነበር። «ካርታውማ አለ» አለችና የታችኛውን ንብርብር ሥዕል አትማ ያመጣችውን ወረቀት ዘረጋችላቸው። አቶ መሸሻም ተጨምረው ሦስቱ ኃላፊዎች አጎነበሱበት። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው፤ እዚህም እዚያም ነጫጭ ነጠብጣብ አለበት።

«ይህ ሁሉ ጥቁር ምንድነው?»

«መሬቱ።»

«ነጫጮቹስ?»

«ቀዳዳዎች ናቸው። ወደ ላይኛው ገጽ መሻገሪያ።»

አቶ ሰይፈሥላሴ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ማህተም የለውም» አሉ።

ፋይሎቹ የይዞታ ማረጋገጫ እስኪቀርብላቸው ድረስ እንዳይላኩ ተወሰነ። ሌሊሴ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ይዛ የመሬት ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄዳ ተሰለፈች። የመስኮቱ ሠራተኛ ደብዳቤውን አነበበ፤ ከዚያ ይዞታው የሚገኝበትን አድራሻ ጠየቃት። በእጇ ቆርጣ ለናሙና የሠራችውን ባዶ ቦርድ ከቦርሳዋ አውጥታ በመስኮቱ አቀበለችው። ሠራተኛው መዳፉ ላይ አድርጎ ቆይቶ አየውና መለሰላት።

«እህቴ፣ ይኼ ለድመት ጎጆም አይሆንም። ደግሞ ቁልቁለት አለው?»

«የለውም።»

«እሱስ ጥሩ ነው» ብሎ ቀጣዩን ባለ ጉዳይ ጠራ።

ሰኔ ጋመሰ። ዝናቡ ጀመረ፤ ዝናቡን ተከትሎም መብራቱ እንደ ልማዱ መሄድና መምጣት ጀመረ። አንድ ቀን ሲስተር ዋጋነሽ ያንን በፕላስተር የታሰረ መሣሪያ እንደ ጉርሻ ጠቅልላ በከረጢት ይዛ መጣች። አንዱ ሽቦ ተፈቶ ዝም ብሏል። ኮሪደሩ ላይ ዋና ዳይሬክተሩን አገኘቻቸው።

«ሲስተር፣ አይቸኩሉ» አሏት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ፍሪጅ ሳይኖር ከሆነ ክቡር ዳይሬክተር፣ ሳይሄድ ይገማል።»

ዋና ዳይሬክተሩ የሲስተርን ተረት ማስታወሻቸው ላይ ለመጻፍ ፈለጉ፤ ስክሪብቶ ግን አልያዙም።

ሲስተር ዋጋነሽ ወደ ሌሊሴ ክፍል ገብታ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀመጠች። ሌሊሴ የተፈታውን ሽቦ ለመበየድ ብረቷን አሞቀች።

«ይኸውልሽ ሌሊ፣ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት እየተነሣሁ ፍሪጁን በእጄ እየዳሰስኩ ነው። እንደ ትኩሳታም ልጅ። ምን አሉሽ?»

«መሬት የሚለው ቃል እያለበት አይላክም አሉ።»

«አውጪዋ።»

«መሬቱን ካወጣሁ ቦርዱ ይሞታል።»

«መሬቱን ማን አውጪ አለሽ? ስሙን ነው እንጂ። ዓይን የበዛበት ልጅ ስሙ ይለወጥ የለ?»

«ምን ብዬ ልለውጠው?»

«እኔ ምን አውቄ። መሬት ካጣላቸው ሰማይ በይዋ።»

ሲስተር ዋጋነሽ በራሷ ቀልድ ሳቀች። ሌሊሴ አልሳቀችም፤ ብረቱን አስቀምጣ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ለፋብሪካ የመስመር ስም ምኑም አይደለም፤ መዳብ ስሙን አያነብም። ሌሊሴ በንድፉ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ ለወጠች። በቦርዱ ላይ በነጭ ቀለም የሚታተመውን ጽሑፍ ሳይቀር ለወጠችው፤ ጉባኤው ወረቀቱን ከሥዕሉ ጋር ቢያመሳክር ሁለት ዓይነት ሆኖ እንዳይገኝ ሠጋችና። ከዚያ ፋይሎቹን እንደ አዲስ አወጣች።

በቀጣዩ ስብሰባ አቶ ተክለማርያም ማብራሪያውን ራሳቸው አነበቡ፦ «የቦርዱ የታችኛው ገጽ በሙሉ ሰማይ ነው።» ቀና አሉ። «የይዞታ ክፍል?»

አቶ ሰይፈሥላሴ ቆሙ። «አበው ሲተርቱ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይላሉ» አሉ። «ክፍላችን ተቃውሞ የለውም።»

«የግዥ ክፍል?»

«ሰማዩ ክብደት ይጨምራል?» አሉ አቶ መሸሻ።

«አይጨምርም» አለች ሌሊሴ።

«እንግዲያው ይሁን።»

ሰማይ እንዴት ከታች ሊሆን እንደቻለ የጠየቀ አልነበረም። መመሪያው እንድንረዳ እንጂ እንድንጠይቅ አያዝም።

«ገብቶናል?» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ።

«ገብቶናል» አልን።

ፋይሎቹ በዚያው ከሰዓት ለሦስት ፋብሪካዎች ተላኩ። አንደኛው ፋብሪካ ከአንዱ ቀዳዳ አጠገብ የማያውቀው ጽሑፍ እንዳየ ጠቅሶ፣ ስሕተት ይሁን ጌጥ እንዲገለጽለት በትሕትና ጠየቀ። ሌሊሴ «ትክክል ነው» ብላ መለሰች። የሦስቱም ዋጋ በማግስቱ ደረሰ። ዋጋው በታሸገ ኤንቨሎፕ ባለመምጣቱ አቶ መሸሻ እጅግ አዘኑ፤ ነገር ግን መፍትሔ የማያጡ ሰው ናቸውና ሦስቱንም ፕሮፎርማ አሳትመው በሦስት ኤንቨሎፕ ከተቱ፣ በሰም አሸጉ፣ ከዚያም በኮሚቴው ፊት ራሳቸው ቀደዷቸው። ግልጽነት እንዲህ ተጠበቀ። ትእዛዙ ሰኔ ሳያልቅ ተሰጠ።

ቦርዶቹ በነሐሴ መጡ። ከክብሪት ቀፎ ጥቂት የሚተልቁ፣ አረንጓዴ፣ ዕቃቸው ሁሉ በየመቀመጫው የሰፈረ፤ ከዳር ደግሞ በጥርት ያለ ነጭ ፊደል «ሰማይ» የሚል ጽሑፍ አለባቸው። በሃያዎቹ ጤና ጣቢያዎች ተተከሉ።

በዚያው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአስኮ በኩል ከባድ ዝናብ ጥሎ መብራት ጠፋ። የሲስተር ዋጋነሽ ስልክ ጮኸ። በዝናቡ ሄዳ ክትባቱን በሙሉ ወደ በረዶ ሣጥን አዛወረችው። ሰኞ ጠዋት የመጡት እናቶች አንዳቸውም አልተመለሱም።

ሰው የሚበላሽ ነገር ሳይበላሽ ሲቀር ይደነግጣል። ወሬው ተዛመተ፤ ከሌሎች ክፍለ ከተሞች ጥያቄ ጎረፈ፤ ሁለት መቶ ቦርድ እንዲታዘዝ ሐሳብ ቀረበ። አቶ ተክለማርያም ለምስጋና ጉባኤ ጠሩ፤ ሲስተር ዋጋነሽም የክብር እንግዳ ሆና ፊት ተቀመጠች። ዋና ዳይሬክተሩ ስለ መመሪያው ጥቅም ረጅም ንግግር ካደረጉ በኋላ ለናሙና የተቀመጠውን ቦርድ አነሡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወደ ብርሃኑ አስጠጉት።

«ሰማይ» ብለው አነበቡ። ትንሽ ቆይተው ደገሙት። «ሰማይ። በራሳችን ፊደል።»

ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ አቶ ሰይፈሥላሴ እጃቸውን አውጥተው ኖሮ እድል ተሰጣቸው።

«ያን ጊዜ ሰማይ አይታረስም ብዬ ነበር» አሉ። «አሁንም አይታረስም። ነገር ግን ያኔ ወረቀት ላይ ነበር። ዛሬ ይኸው ታትሟል፣ ተገዝቷል፣ በሃያ ቦታ ተተክሏል። የተያዘ ነገር ደግሞ ይዞታ ነው። አሁን በሃያው ሳንወሰን ሁለት መቶ ሰማይ ልንይዝ ነው። በማን ፈቃድ?»

«አባቴ፣ በሰማይ ማን ይከሰናል?» አለች ሲስተር ዋጋነሽ።

«ባለቤቱን እርስዎም ያውቁታል ሲስተር። ሳያስፈቅዱት የያዙበት እንደሆነ ዝም ይላል ብለው ነው?»

ከኋላ ወንበር አንድ ሁለት ሰው «አሜን» አለ።

ሌሊሴ ማብራሪያ ለመስጠት ተነሣች፤ ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸውና ተመልሳ ተቀመጠች። ዋና ዳይሬክተሩ ጉዳዩ ለሁሉም ገብቶ እንደሆነ ጠየቁ። ገብቶናል አልን።

በዕለቱም የይዞታ ክፍሉ ከመስከረም አንድ ቀን ጀምሮ የመሬትና የሰማይ ይዞታ ክፍል ተብሎ እንዲጠራ፣ አቶ ሰይፈሥላሴም በኃላፊነታቸው እንዲቀጥሉ፣ የሁለት መቶው ቦርድ ፋይሎች ደግሞ የሰማዩ ወሰን ተለክቶ ካርታ እስኪወጣለት ድረስ ወደ ውጭ እንዳይላኩ ተወስኗል።